ሁለቱ ቱቦዎችና የእናቴ ሞተር

ትምህርቴን ጨርሼ ሚዛን የገባሁ ቀን ሻንጣዬ ከአውቶቡሱ ፖርቶመጋላ ላይ ተወርውሮ እጀታው ተገነጠለ። ረዳቱ ይቅርታ እንኳን አላለኝም። «ዋናው አንቺ በሰላም መግባትሽ ነው እህቴ» ብሎኝ ወደ ሌላ ሰው ዕቃ ዞረ። እኔ ደሞ ተበላሽቶ የተቀመጠ ነገር ማየት አልችልም፤ ያሳክከኛል። እዛው መናኸሪያው በር ላይ ካለች ሱቅ ባለ ሁለት ቱቦ ማጣበቂያ ገዝቼ ቤት ገባሁ፣ ልብሴን እንኳን ሳልቀይር መሬት ላይ ቁጭ አልኩና የሁለተኛውን ቱቦ ክዳን ከፈትኩት።

ዓሣ ሸተተኝ። ያደረ ዓሣ፣ ከጋለ ብረትና ከመድኃኒት ቤት ሽታ ጋር የተቀላቀለ።

እማዬ ከጓዳ ሆና «አባ ዙቤር መጡ እንዴ?» አለች።

ከዚያ ወዲያ እጀታውን እያጣበቅኩ ያሰብኩት ያን ክረምት ብቻ ነው።

አስር ዓመቴ ነበር። አባቴ ጌጫ ያስተምራል፣ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ ቤት ውስጥ እኔና እማዬ ብቻ ነን። እማዬ ክትባት ሰጪ ናት። መስሪያ ቤቷ አንድ ሞተር ሰጥቷት በረዶ የያዘች ሰማያዊ ሳጥን ከኋላ አስራ ቀበሌ ለቀበሌ ትዞራለች። በከተማው ሞተር የምትነዳ ሌላ ሴት አይቼ አላውቅም። ስታልፍ ልጆች «ሲስተር! ሲስተር!» እያሉ ይሮጣሉ፣ ጎረምሶች ያፏጫሉ፣ እሷ ጥሩምባውን አንዴ ነክታ ትሄዳለች። ቀሚሷን ሱሪ ውስጥ ጠቅጥቃ ስለምትነዳ ከኋላ ስትታይ ወፍራም ትመስላለች፤ አይደለችም።

ሳጥኗን እፈራት ነበር። እማዬ ሁሌ «ልፍጠን፣ ክትባቱ እንዳይሞትብኝ» ስለምትል ውስጡ የሚተነፍሱ ትናንሽ ነገሮች ያሉ ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን በጣቴ አንኳኩቼ «እንዴት አደራችሁ» እላቸዋለሁ። መልስ አይሰጡም። በረዶ ላይ ስለተኙ በርዷቸው ነው ብዬ አልፋቸዋለሁ።

ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ እማዬ ሞተሯን እየገፋች መጣች። ሁለት የገጠር ሰዎች ከኋላ ያግዟታል። ሦስቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። መንገድ ላይ ጭቃ የሸፈነው ድንጋይ የሞተሯን ሆድ ከስር መትቶ ሰንጥቆታል። ግቢያችን ውስጥ ባቆሟት ደቂቃ ጥቁር ዘይት ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። እማዬ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ከስር አስገባችለት። እኔ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ያኔ ያልቀመስኩት ነገር የለም። ወፍራም ነው፣ ይመራል፣ ምላስ ላይ ተለጥፎ አይለቅም። እማዬ አፌን በሳሙና አጠበችኝ።

በማግስቱ የንብረት ክፍሉ አቶ ግርማ ጃንጥላውን ይዞ መጣ። አንቱ ልለው አልፈልግም። ሞተሯን ዞሮ ዞሮ አያትና በጫማው ጫፍ ጎማዋን ነካ አደረገ።

«ሲስተር ወርቅነሽ፣ እኔ መጀመሪያውኑ ብያለሁ።»

«ምን ብለው ነበር?»

«ይሄ የሴት ሥራ አይደለም ብያለሁ። አሁን ለመለዋወጫ ብንጽፍ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ። ሰኞ ጠዋት መስሪያ ቤት አምጫት። ዘይት ካንጠባጠበች ቁልፉን ታስረክቢና ካርድ ክፍል ትገቢያለሽ። ስትጠገን ለሚችል ሰው እንሰጣታለን።»

እማዬ የሞላውን ሳፋ ከስር ሳበች። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሳፋውን እየደፋች፣ ለእኔ ሳይሆን ለሞተሯ፣ «ካርድ ክፍል መስኮት የለውም እኮ» አለቻት። ካርድ ክፍሉን አውቀዋለሁ። ጣሪያ ድረስ ወረቀት ነው፣ የአይጥ ሽታ አለው። እናቴ እዛ ውስጥ ቁጭ ብላ ስሙ የጠፋበት ሰው ካርድ ስትፈልግ ታየኝ።

ከሰዓት አባ ዙቤር ሱቅ ሄድን። አባ ዙቤር ከጅማ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ገበያው ዳር ምስማር፣ ገመድ፣ የፋኖስ ብርጭቆ፣ ቁልፍ ይሸጣሉ። እሳቸው ሱቅ ውስጥ ያልተጣበቀ ነገር የለም። የመነጽራቸው ጆሮ ተጣብቋል፣ የተቀመጡበት ወንበር እግር ተጣብቋል፣ የፔርሙዛቸው ክዳን ከሦስት ቦታ ተጣብቋል። እኔ ጥርሳቸውም የተጣበቀ ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ ጠይቄያቸው «እሱ እንኳን የራሴ ነው» ብለውኛል።

እማዬ የደረሰውን ነገረቻቸው። ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ቱቦ አወረዱ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ።

«የመጨረሻዎቹ ናቸው ሲስተር። ሌላ ከጅማ እስኪመጣልኝ፣ በዚህ መንገድ፣ ሁለት ሳምንትም አይበቃ።»

«ብረት ይይዛል?»

«ብረት ይይዛል፣ ሸክላ ይይዛል፣ ፕላስቲክም አንዳንዱን። ትዕግስት ለሌለው ሰው ብቻ ነው የማይይዝለት።» ይሄን ሲሉ እኔን አዩኝ። ምክንያቱም የነጩን ቱቦ ክዳን ከፍቼ አፍንጫዬን አስገብቼ ነበር።

«አባ ዙቤር፣ ይሄ ተበላሽቷል! ዓሣ ዓሣ ይላል።»

«ጤነኛ ነው፣ ሽታው እንደዛ ነው። ጥቁሩ ብቻውን ዓመት ቢቀመጥ አይደርቅም፣ ነጩም እንደዛው። ሁለቱ እኩል ሲገናኙ ነው የሚጠነክሩት።»

«ከዓሣ ነው የተሠራው? ጾም ነው እኮ!»

ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። አባ ዙቤር ግን አልሳቁም፤ አሰቡበት። «ካልበላሽው ምንም አይልሽም» አሉኝ በቁም ነገር። ከዚያ ለእማዬ «ነገ ከጁምዓ በኋላ መጥቼ ራሴ እሠራዋለሁ። እስከዛ ማንም አይንካው» አሏት።

ማንም ማለት እኔም ነኝ ብዬ አላሰብኩም።

ዓርብ ጠዋት እማዬ ሳጥኗን በትከሻዋ ይዛ ቅርብ ወዳለ ቀበሌ በእግሯ ሄደች። ዝናብ አባርቶ ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ሞተሯን አየኋት፣ ቱቦዎቹን አየኋቸው፣ ጁምዓ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ደሞ አላውቅም። እስከ ስድስት ሰዓት ስለምጾም የምበላው የለም፣ የምሠራው የለም። እማዬ ስትመለስ ተጠግና ብታገኛትስ?

አሠራሩን አስቤበት ነበር እኮ። ዝም ብዬ አልገባሁበትም። ዘይቱ እየወጣ ማጣበቂያው ላይ ቢፈስ ያረጥበዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስንጥቁን የሚከድን ነገር ያስፈልጋል። እማዬ ዳቦ ስትጋግር መጥበሻው ላይ ኮባ ታነጥፋለች፤ ሊጡ እንዳይፈስ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ከትናንቱ ዳቦ የተረፈ ኮባ ጓዳ አለ፣ እሳት ላይ ለብለብ ተደርጎ የለሰለሰ። የመዳፌን ያህል ቆረጥኩና ከሞተሯ ስር በጀርባዬ ገብቼ ስንጥቁ ላይ ለጠፍኩት። ዘይቱ ራሱ ያዘልኝ። ከዚያ ከሁለቱ ቱቦ እኩል እኩል ጨምቄ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በእንጨት አማሰልኩና ኮባው ላይ ለቀለቅኩት። ጠርዙንም አልተውኩም፣ ዳር ዳሩን ብረቱ ላይ አስያዝኩት። ከጣቴ የተረፈውን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ። ሹሩባዬ ውስጥም ገብቷል፣ ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ከስር ወጥቼ ጠበቅኩ። የዘይት ጠብታ የለም! ሳፋውን እያየሁ እስከ ሰባ ቆጠርኩ። የለም! ግቢው ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ።

እማዬና አባ ዙቤር ከሰዓት አንድ ላይ ደረሱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ጨርሻለሁ» አልኳቸው።

እማዬ ሳጥኗን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች። «ምኑን?»

አባ ዙቤር ጆንያ አንጥፈው በጎናቸው ተኙና በጥፍራቸው የማጣበቂያውን ጠርዝ ነኩት። ገና እንደ ሰም ነበር። ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ሙሉ በሙሉ፣ እንደ ድስት ክዳን፣ ተላቀቀና እጃቸው ላይ ወደቀ። ከኋላው የተጠራቀመው ዘይት ደረታቸው ላይ ተዘረገፈ። ለጁምዓ የለበሱት ነጭ ጀለቢያ ነበር።

 እኔ ወደ ጓዳ ልሮጥ ስል እማዬ በሹሩባዬ ያዘችኝ። ጣቷ አልገባበትም፤ ሹሩባዬ ማጣበቂያ ጠጥቶ እንደ እንጨት ገትሯል። በመቀስ ቆረጠችው፣ ከጆሮዬ በላይ፣ አንዷን ብቻ። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አባ ዙቤር ቱቦዎቹን አነሱ። ግማሽ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ኮባውን ለምን ከስር አደረግሽው?»

«እንደ ዳቦ።»

«ዳቦ ላይ ለምንድነው የሚነጠፈው?»

«ሊጡ እንዳይፈስ።»

«እንዳይጣበቅ ነው እንጂ!» አለች እማዬ፤ ከ«ምኑን?» ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። «ዳቦው መጥበሻው ላይ እንዳይጣበቅ!»

አባ ዙቤር የተላቀቀውን ማጣበቂያ ገለበጡት። ቅጠሉን በጫፉ ይዘው ሲስቡት ልጥ ብሎ ወጣ። ምንም ሳይቀር። ማጣበቂያው ላይ ግን የኮባው መስመሮች ታትመዋል፣ እያንዳንዳቸው፣ ቀጥ ቀጥ ብለው። ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ያን ያህል የተበላሸ ቀን ላይ፣ ዘይት በነከረው ልብስ፣ እኚህ ሰውዬ ደስ ብሏቸው ነበር። ይሄን እስከዛሬ አልረሳውም።

«እንዳይጣበቅ» አሉ ለራሳቸው። «እኔ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ በፌስታል ስጠቀልል ነው የኖርኩት። ፌስታል ይጨማደዳል፣ ይጣበቃል፣ ስስበው ሥራዬን ይዞት ይነሳል። ሲስተር፣ ኮባ ተርፎሻል?»

«አለ።»

«ነገ እንሠራለን። የተረፈው ይበቃል፤ ካልበቃም እንዲበቃ እናደርገዋለን።»

ያን ዕለት ተሳልኩ። ማጣበቂያው ከያዘ ሰኞ እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ አልኩ። ቅዳሜና እሁድንም ልጨምር ብዬ ነበር፣ እማዬ ግን «በእነሱ ቀን ከምግብ አይጾምም» አለችኝ። እግዜር ራሱ ያቀለለልኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ ዘይቱን ጨርሰው አፈሰሱት። አባ ዙቤር ስንጥቁን ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት፣ ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ። ከዚያ ለእማዬ «መርፌ ከመውጋትሽ በፊት ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት። እማዬ ገባት። አልኮሏንና ጥጧን አመጣች፣ ስንጥቁን ልክ እንደ ሕፃን ክንድ ጠረገችው፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ፣ አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። «አይዞሽ፣ አያምም» ያለችም መሰለኝ።

ቱቦዎቹን በባዶ ጠርሙስ እየዳመጡ ያለውን ሁሉ አወጡት። ቆርቆሮ ክዳን ላይ ሁለት መስመር፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ ከአንዱ እንዳይረዝም። እጃቸው ላይ ላስቲክ አጥልቀው «አንቺ አማስይ» አሉኝ። እኔ? ትናንት ያን ሁሉ ካደረግኩ በኋላ?

«ጥቁርም ነጭም መስመር እስከማይታይሽ ድረስ። አመድ ሲሆን ንገሪኝ።»

አማሰልኩ። ክንዴ ዛለ። «ሆነ!» እላለሁ፣ ጎንበስ ብለው አይተው «አንድ ነጭ ክር አለች፣ ያቺት» ይላሉ። ደሞ አማስላለሁ። ቤቱ ዓሣ ዓሣ አለ። በመጨረሻ ዝም ብለው ወሰዱት።

መጀመሪያ ስንጥቁ ላይ ቀቡ። ከላዩ የሣርዲን ቆርቆሮ ቁራጭ፣ ከላዩ ደግሞ ሌላ ማጣበቂያ። ከዚያ ኮባው፣ አሁን ከላይ። ኮባውን በመዳፋቸው ተጫኑትና ከብስክሌት ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ ወጥረው አሰሩት። ክዳኑ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ማጣበቂያ ቀርታ ነበር። ልጥላት ስል እጄን ያዙኝ።

«እሷ ምስክር ናት። ሞተሩን አትንኪ፣ አትጠይቂ። መድረቁን ማወቅ ስትፈልጊ እሷን ጠይቂ። በጥፍርሽ ተጫኛት። ጥፍርሽ ከገባ፣ ሞተሩም ገና ነው።»

ማጣበቂያው ብርድ እንደማይወድም ነገሩን። ከሰል ቢያቀርቡ ቤንዚን አለ፣ ያቃጥለናል። ስለዚህ ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን ከሞተሯ ሆድ ስር ተደረገና ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር መቀየር የእኔ ሥራ ሆነ። በሕይወቴ እንደዛ ቀን የረዘመ ቀን አላሳለፍኩም። ውሃ አፈላለሁ፣ እቀይራለሁ፣ ምስክሯን እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ጥፍሬ ሙሉውን ገባ። ቀጥሎ ግማሹ። ማታ ላይ ትንሽ ጨረቃ የመሰለ ምልክት ብቻ። ምስክሯ ላይ የጥፍሬ ጨረቃዎች ተደረደሩ፣ ከጥልቁ ወደ ቀጭኑ። ለምን ዝም ብሎ አይደርቅም? ውስጡ ምን እየተደረገ ነው? ክትባቶቹን ሰላም እንደምለው፣ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩት። ድምፅ የለውም።

እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ነጠላዬን ሳላወልቅ ምስክሯን ተጫንኳት። ጥፍሬ ተጣጠፈ። «እማዬ! እምቢ አለች!»

አባ ዙቤር መጥተው ጎማውን ፈቱ። ኮባውን እኔ እንድስበው አደረጉኝ። ልጥ ብሎ ወጣ፣ ከሥሩ አመድማ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር፣ የቅጠሉ መስመሮች በሙሉ የታተሙበት። የሞተሯ ሆድ ላይ ቅጠል የበቀለ ይመስላል። ከዚያ አዲስ ዘይት ሞሉባት።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መስሪያ ቤት ደረስን። አባ ዙቤርም ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። አቶ ግርማ ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ ምንድነው? ጎመን ነው?» አለ። ጸሐፊዎቹ ሳቁ። ሞተሯን አስነስቶ ብዙ አስጮሃት፣ አጠፋትና ከቆርቆሮው ጣሪያ ስር አቁሞ ከስሯ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አነጠፈ። «እስከ ስድስት ሰዓት። አንድ ጠብታ ካየሁ ቁልፉን ትሰጪኛለሽ ሲስተር።»

እማዬ በረንዳው ላይ ቆመች፣ ቁልፉን ጨብጣ። እኔ ወረቀቱ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። አንድ ሹሩባ ጎድሎኝ ያየኝ ሁሉ ይስቃል፣ እኔ ከወረቀቱ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። አራት ሰዓት፣ ነጭ። አምስት ሰዓት፣ ነጭ። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ እንደ ሚዛን ዝናብ፣ ማንንም ሳያስጠነቅቅ፣ ከጎን ከጎን። ስድስት ሊሆን ሲል አቶ ግርማ ሰዓቱን እያየ ወጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ወረቀቱን ሳበ።

«ይኸው!»

ወረቀቱ መሃል ላይ አንድ ጠብታ ነበረች፣ የጭቃ ቀለም ያላት።

እማዬ ከበረንዳው ወረደች። ፊቷን አላየሁም፣ እጇን ነው ያየሁት፤ ቁልፉን የያዘው ጣቷ እየተፈታ ነበር። አባ ዙቤር «ቆይ እንጂ አቶ ግርማ...» ማለት ጀመሩ። እኔ አልቆየሁም። ወረቀቱን ከእጁ ነጥቄ ጠብታዋን ላስኳት።

አፈር፣ ውሃ፣ ትንሽ ብረት ብረት። አልመረረም። ምላሴ ላይ አልተለጠፈም።

«ዝናብ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ዘይት አይደለም! ዘይት ይመራል! ከጭቃ መከላከያው የወረደ ዝናብ ነው! ቅመሰው!»

«ቅመሰው?» አለ አቶ ግርማ፤ አንተ ስላልኩት ነው መሰለኝ።

አባ ዙቤር ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሱት። «ዘይት ቢሆን ወረቀቱ መስታወት ይሆን ነበር፣ ጣትዎን ያሳይ ነበር። ይኸው፣ ይዩ።» አቶ ግርማ አየ። ጣቱን በስንጥቁ ዙሪያ አዞረ፣ አሸተተው፣ ጣቱን ደሞ አየው። ንጹሕ ነበር። ጸሐፊዎቹ አሁን የሚስቁት በእኔ አልነበረም።

ቢሮው ገብቶ ወረቀት ጻፈና ለእማዬ ሰጣት። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ወረቀቱ ላይ «በጊዜያዊነት ተጠግኗል» ይላል።

«ጊዜያዊ ነው» አላት ደሞ በአፉ። «ብዙ አይቆይም።»

«እሺ» አለች እማዬ፣ ቁልፉንም አስገባች።

ከኋላዋ፣ የክትባቱ ሳጥን ቦታ ላይ፣ ስወጣ ነው ትዝ ያለኝ። ስለቴ! ገና ስድስት ሰዓት ነው፣ አፌ ውስጥ ጭቃ አለ። እንባዬ መጣ። «አባ ዙቤር፣ ጾሜን ገደፍኩ!»

አባ ዙቤር የዝናቡን ውሃ ከጢማቸው ላይ ጠረጉ። «እኛ በረመዳን ከውጭ የመጣ ጠብታ ሁሉ ያስጨንቀናል፣ አንቺ ወረቀት ትልሻለሽ?» አሉኝ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እናትሽን ጠይቂያት፣ ነገ ትተኪዋለሽ» አሉኝ። ማክሰኞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ። እማዬም አብራኝ።

የሻንጣዬ እጀታ ላይ ያደረግኩት ማጣበቂያ አንድ ቀን መቆየት አለበት፤ ምስክሩንም ክዳኑ ላይ ትቻለሁ። ቤት ቁጭ ብዬ ጥፍሬን ከማስገባ ብዬ ወደ ድሮው መስሪያ ቤት በእግሬ ወጣሁ። እማዬ ሞተሯን ሌላ እስኪሰጧት ድረስ ብዙ ክረምት ነድታታለች። አሁን ከጀርባ፣ የሞቱ ሞተሮች የተከመሩበት ጥግ አለች፣ ጎማ የላትም፣ መሪዋ ላይ ሐረግ ወጥቶበታል። ዘበኛው ጭቃው ላይ ስንበረከክ አይቶ መጣ።

«እህቴ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?»

ሆዷን በመሐረቤ ጠረግኩት። ብረቱ ዙሪያውን ዝጓል፣ ተልጧል። የኮባው መስመሮች ግን ቀጥ ቀጥ ብለው አሉ። አውራ ጣቴን አስደግፌ በጥፍሬ ተጫንኩት፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ። ጥፍሬ ተጣጠፈ።

«ምንም» አልኩት። «ጊዜያዊ ጥገና ነው። ላየው ብዬ ነው።»